ችግራቸውን ድል ለነሡ ሯጮች

ማራቶን አሉት እንጂ ልኩን የለካው ሰው አልነበረም። ከቡሬ ተነሥቶ ፍኖተ ሰላም ከገበያው አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ የሚያልቅ ሩጫ ነው። የአብዮት በዓል በመጣ ቁጥር እያንዳንዱ ገበሬ ማኅበር ሯጭ እንዲያዋጣ ይታዘዛል። እህል እናዋጣለን፣ ለጦርነቱ ሰው እናዋጣለን፣ እግር ማዋጣት ምን ይገርማል?

እኔ ግን ማንም አላስገደደኝም። ለምኜ ነው የገባሁት።

ወንድሜን ለጦርነቱ ያፈሱት ከቡሬ ገበያ ነው። በርበሬ ሊሸጥ አህያ ነድቶ ወጣ፤ ማታ አህያዋ ጭነቷን እንደተሸከመች መንገዱን አውቃ ብቻዋን ተመለሰች። እሷን ባየን ጊዜ ነገሩ ገባን። አባታችን ከሞተ ቆይቷል፣ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው ወንድሜ ነበር። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ትኮተኩታለች፣ ታጭዳለች፤ ሞፈር ግን አትጨብጥም። በሬዎቻችን ቆመው እየበሉ ጎረቤት በደቦ ያርስልን ጀመር። እናቴ ከሰሜን መጣ የተባለውን ወታደር ሁሉ መንገድ ላይ እየጠበቀች "የኔን ልጅ አላየኸውም?" ትላለች። አየሁት ያላት የለም።

በዚህ መሐል አንድ ወሬ ሰማሁ። ባለፈው ዓመት ከሴቶች አንደኛ የወጣችው የደምበጫ ሴት የአውራጃው አስተዳዳሪ ሊሸልማት ሲጨብጣት እጁን አልለቅም ብላ "ባሌን መልሱልኝ" አለችው፣ ባሏም ተመለሰላት ተባለ። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላረጋገጥኩም። ውኃ የወሰደው ሰው አረፋም ቢሆን ይጨብጣል።

የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር የአባቴ አበልጅ ነው። ክፉ ሰው ነበር አልልም፤ ከከተማ የመጣ ሁሉ የሚያስፈራው ሰው ነበር፣ ያ ደግሞ አንዳንዴ ከክፋት ይብሳል። ሯጭ ልሁን ስለው ሳቀ።

"አንች? ምን ልታተርፊ?"

"አስተዳዳሪውን ላገኝ ነው። ወንድሜን ልጠይቅ።"

ሳቁን ተወ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "እንግዲያው ጌታየ እንዳትይ፣ ጓድ በይ። ጌታየ ካልሽ ነገርሽን ሳትጨርሽ ያወርዱሻል" አለኝ።

ክረምቱን ከአረም ስመለስ ቀሚሴን ሰብስቤ በጠጠሩ መንገድ ላይ እሮጣለሁ። የመኪና ረዳቶች ይሰድቡኛል፣ እኔም አልተውላቸውም። ስሮጥ "ጓድ አስተዳዳሪ፣ ወንድሜን መልሱልኝ" እላለሁ፤ አፌ እንዳይያዝ ነው። ሌላ ነገር አልለመንኩም፣ ሌላም አላሰብኩም።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ሰዉ ተለወጠብኝ። እሳት ለመስጠት እንኳ ፊቷ የሚጠቁር ጎረቤታችን እርጎ በቅል ይዛ መጣች። "ጠጭ፣ አቅም ይሁንሽ" አለችኝ፤ ዓይኔን ግን አላየችኝም። እናቴን መንገድ ላይ አቁመው "ከልጅሽ ምን ተሰማ?" ይሉ የነበሩት ሁሉ መጠየቁን ተዉ። ቄሱ እንኳ ቤታችንን አልፈው ከሄዱ በኋላ ተመልሰው መስቀል አሳለሙን። እኔ ቂሏ ሯጭ በመሆኔ ተከበርኩ ብዬ ኮራሁ።

የበዓሉ ዕለት ጭቃው አልደረቀም ነበር። ከሊቀመንበሩ ልጅ የተዋስኩት ሸራ ጫማ ስለሰፋኝ ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄበታለሁ። እስከ መንገዱ አጋማሽ ከፊቴ ሴት አልነበረም። ከዚያ ጨርቁ ተጠቅልሎ ጣቶቼን ይልጠኝ ጀመር። ጫማውን አውልቄ ጣልኩት፣ ጠጠሩ ደግሞ በተራው ተቀበለኝ። ሁለት የከተማ ተማሪዎች ቀደሙኝ። ፍኖተ ሰላም ስገባ ሦስተኛ ነበርኩ። አስተዳዳሪው የሚጨብጠው አንደኛ የወጣውን ብቻ ስለሆነ ሣሩ ላይ ተዘርግቼ እግሬን ረገምኩት። ወንድሜን በገዛ እግሬ የጣልኩት መሰለኝ።

ድምፅ ማጉያው አንደኞቹን ሸልሞ ሲጨርስ ሌላ ነገር አመጣ። "አሁን ደግሞ ችግራቸውን ድል ነሥተው የሮጡ ጀግኖች ይሸለማሉ!" አለ ካድሬው።

መጀመሪያ የተጠራው ግራ እጁን ጦር ሜዳ ጥሎ የመጣ ወታደር ነው። ያን ጊዜ መፈክር የሚባለው ግራ እጅ ተነሥቶ ነበር። ሰዉ ሁሉ ግራውን ሲያነሣ እሱ ግራ ቀኙን ተመልክቶ ቀኙን አነሣ። ካድሬው ፊቱን አጠቆረበት።

ቀጥሎ የእኔና የአባቴ ስም ተጠራ።

እንዴት እንደ ተነሣሁ አላውቅም። ቁስሌም ጠፋልኝ። እግዚአብሔር በአንዱ ቢዘጋ በሌላው ከፈተ አልኩ። መድረኩን ወጣሁ፣ አስተዳዳሪው ለስላሳ እጁን ዘረጋልኝ፣ በሁለት እጄ ያዝኩት። አፌን ከፈትኩ። "ጓድ አስተዳዳሪ . . ."

ድምፅ ማጉያው ቀደመኝ። "ይህች ታጋይ እኅታችን ወንድሟ በሰሜን ግንባር ለእናት ሀገሩ የተሰዋባት ስትሆን፣ ኀዘኗን ድል ነሥታ ዛሬ በመካከላችን ሮጣለች!"

ካድሬው ማጨብጨብ ጀመረ። ከሱ ጋር ያጨበጨቡት መድረኩ ላይ ያሉት ብቻ ናቸው። ከሕዝቡ መሐል ያች እርጎ ያመጣችልኝ ጎረቤታችን ደረቷን እየደቃች "ኧረ ገና አልተረዳችም! ኧረ ልጅቱ አልተረዳችም!" ብላ ጮኸች።

በእኛ ዘንድ መርዶ ሥርዓት አለው። ጎህ ሲቀድ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ሰው በግራ በቀኝ ተቀምጦ፣ የቤተሰቡ ታላቅ አፉን ሲከፍት ነው ሰው የሚረዳው። ሜዳ ላይ አይነገርም፣ ለቆመ ሰው አይነገርም። የወንድሜን ነገር አንድ ቁስለኛ ነሐሴ ላይ ለሊቀመንበሩ አምጥቶለት ኖሯል። አገሩ ሁሉ ሰምቶ ከእኔና ከእናቴ የሸሸገው የአባቴ ታላቅ ወንድም ከሽንዲ እስኪመጣ ነው። አጎቴን ደግሞ የሞላ ወንዝ አስቀርቶታል። ከከተማ "ችግር ያለበት ሯጭ አምጡ" የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ሊቀመንበሩ እስከ በዓሉ ወንዙ ይጎድላል፣ ልጅቱም ትረዳለች ብሎ የኔን ስም ሰጠ። ወንዙ አልጎደለም። እሱም ስሜን መልሱልኝ ለማለት ፈራ።

የአስተዳዳሪው እጅ አሁንም በእጄ ውስጥ ነበር። ምንም አልገባውም። ጎንበስ ብሎ "የምትጠይቂው ነገር አለሽ?" አለኝ።

"የለኝም" አልኩት።

ትከሻዬ ላይ የሽልማቱን ብርድ ልብስ ጣሉ። ልጮህ ስል ካድሬው ክንዴን ጨምድዶ "ጀግና አይለቀስለትም፣ በዓሉን እንዳታበላሺ" አለኝ። እስከ ዛሬ የማልምረው ይህን ቃሉን ነው። ለወንድሜ ሳልጮህለት ከመድረኩ ወረድኩ።

ሊቀመንበሩ ከታች እያለቀሰ ጠበቀኝ። ፊቱ ላይ ልተፋበት ነበር። "ልጀ፣ እኔን ነገ ትረግሚኛለሽ። እናትሽ አልሰማችም። ሰዉ ወሬውን ሳያደርስባት ድረሽላት፣ የዛሬን ቻይው። ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን እንመጣለን" አለኝ። በዚህ እንኳ እውነት ነበረው። እናቴ እንደ እኔ አትረዳም አልኩና ሮጥኩ። መንደራችን ከከተማው ብዙ አይርቅም። ከበዓሉ የሚመለሰውን ሰው ሁሉ በተላጠ እግሬ እያለፍኩ ሄድኩ። ለዚህኛው ያጨበጨበልኝ የለም።

እናቴ ደጃፍ ቆማ አገኘኋት። ፊቴ ርሶ ስታየው ላብ መሰላት። በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

"አስተዳዳሪውን አገኘሽው?"

"ጨበጠኝ።"

"ጠየቅሽልኝ?"

"ጠየቅሁት እማ።"

"ምን አለሽ?"

የመንደሩ ሴቶች ከኋላዬ ደርሰው ከአጥሩ ማዶ፣ ከጎረቤታችን ግቢ ሲገቡ ኮቴያቸውን እሰማለሁ። አንዷም አልተነፈሰችም። ለነገ ጎህ ነው የተሰበሰቡት።

"እሺ ብሎኛል" አልኳት።

እናቴ ሰማይ ሰማይ አየች። ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ እልል አለች፤ ወንድሜ ከተወሰደ ወዲህ እልልታዋን ሰምቼው አላውቅም። በእኛ አገር አንዲት ሴት እልል ካለች የሰማች ሁሉ ከያለችበት ትቀበላታለች፤ ምክንያቱን የምትጠይቀው ከተቀበለች በኋላ ነው። ከአጥሩ ማዶ የተቀበላት አልነበረም። ደግማ እልል አለች። ጠበቀች።

"ምነው" አለችኝ፣ "ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ ወዴት ሄደ?"