የኮርቻው መደላድል

«በምላጭ ነው አይደል? በምላጭ ነው የቆረጥኸው!»

አባቴ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን የበግ ጸጉር መደላድል ወደ በሩ ብርሃን ወጥሮ ይዞታል። መሃል ለመሃል መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ አራት ቀዳዳዎች አሉበት። በአንደኛው ቀዳዳ ዓይኑ ያየኛል።

«ያረጀ መስሎኝ ነው፣ አባባ።»

«ያረጀሁስ እኔ ነኝ። ቤት ባኖረው አይጥ ይበላብኛል ብዬ አንተ ዘንድ አመጣሁት!»

በማግስቱ የፈረስ ግልቢያ ነበር። በዓመት አንድ ጊዜ የአገሩ ሰው ፈረሱን አስጊጦ እንጅባራ ሜዳ ላይ የሚወጣበት ቀን። አባቴ የበዓል ኮርቻውን ሊወስድ ከዘንገና መምጣቱ ነው።

ምን ብዬ ላስረዳው? እንጅባራ የተከራየሁት ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ከዳንግላ አሮጌ ቴፕ ከሁለት ስፒከር ጋር ገዝቼ ነበር። ስከፍተው ወፍራሙ ድምፅ፣ ቤዙ፣ ጠረጴዛውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ቆርቆሮው ይቀበለዋል፣ ዘፋኙ ያለው አይሰማም። ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። እኔ ግን ግጥም የተማርሁት ከዘፈን ነው፤ አንዲት ቃል ካመለጠችኝ ቀኔ ይበላሻል። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጠፍሁ። መስኮቱን በብርድ ልብስ ሸፈንሁ። ከስፒከሮቹ ሥር የጋሪ ጎማ ቆርጬ አስገባሁ፤ መንቀጥቀጡ ጭራሽ ባሰ። ከዚያ ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን መደላድል አየሁት። ከእያንዳንዱ ስፒከር ሥር ሁለት ሁለት ቁራጭ ሳደርግ ጠረጴዛው ጸጥ አለ፤ የዘፋኙ ትንፋሽ ሳይቀር ተሰማኝ።

ስቆርጥ ተጠንቅቄ ነበር። ቀይና ቢጫ ክር የተጠለፈበትን ጠርዝ አልነካሁም፣ ሰው የሚያየው እሱን ነው ብዬ። ፈረስ ካለበት ቤት አድጌ፣ ክብደቱ የሚያርፈው መሃሉ ላይ መሆኑን ረሳሁት።

«አሁኑኑ እሰፋልዎታለሁ» አልሁና ስፒከሩን ማንሳት ጀመርሁ።

«ስፌቱ የፈረሱን ጀርባ ይልጠዋል። አምና ገጣባ ሆኖ ስንት ወር እንዳስታመምሁት ጠፋህ?»

«ብርድ ልብሴን አጥፈን ብናደርግለትስ?»

«ይንሸራተታል። ሰው ፊት ከፈረሱ ሆድ ሥር ልታየኝ አማረህ?»

ልስቅ አልሁና ፊቱን አይቼ ተውሁት። መደላድሉን ትከሻው ላይ ጣለና ስፒከሮቹን ትኩር ብሎ አያቸው።

«እስቲ ክፈተው።»

ከፈትሁት። የማሲንቆ ዘፈን ነው። ሳይቀመጥ፣ አንገቱን ዘመም አድርጎ እስከ አዝማቹ ሰማ።

«ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል» አለ።

ደስ ሊለኝ ምንም አልቀረኝም።

«እንግዲህ ነገ እስበዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ፈረሱን ነዋ። በእግሬ እየሳብሁት እሄዳለሁ።»

እኩዮቹ ኮርቻ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩት ታየኝ። «አባባ፣ እኔ ልሳብልዎት፤ እርስዎ ይቅሩ…»

«አንተ ቴፕህን ስማ።»

መደላድሉን ጠቅልሎ ኮርቻው ላይ አኖረው። ልጓሙን ብቻ ከምስማሩ አውርዶ ወጣ። በሩን ወርውሮ ይዘጋዋል ብዬ ጠበቅሁ። ቀስ አድርጎ ገጠመው።