የኮች ማርሊስ አፍ

ቫንግዳል ኮሌጅ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ያቋቋመው ወዶ አልነበረም። የአሜሪካ ሕግ ለወንዶቹ የምትሰጡትን ያህል ለሴቶቹም ስጡ ስላለ፣ የኮሌጁ ጠበቃም ፈሪ ስለነበረ ነው። ቡድኑን የሚይዝ ሰው ሲፈለግ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የወተት ላም እርባታ አንዲት ረጅም፣ ትከሻዋ የሰፋ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ሴት ተገኘች። ማርሊስ ቶሌፍሰን ትባላለች። በተማረችበት ትምህርት ቤት ለሴት የሚሆን ኳስ ስላልነበረ አጥር ተደግፋ የወንዶቹን አጨዋወት ስታንቋሽሽ አደገች። ከዚያ የአያቶቿ አገር ኖርዌይ ሄዳ በሰው ቤት በሞግዚትነት ሁለት ዓመት ቆየች፤ በትርፍ ጊዜዋም ከዓሣ ፋብሪካ ሴቶች ጋር ተጫወተች። በዚያን ዘመን በደቡብ ሚኒሶታ ከእሷ የተሻለ ኳስ የሚያውቅ ሰው ቢኖር እንኳ ደሞዙን ሰምቶ አይመጣም ነበር።

የኮሌጁ ፕሬዚዳንት ዶክተር ሉንድኲስት ቢሮአቸው አስቀምጠው ጠየቋት።

«ሜዳውን አየሽው?»

«አየሁት። ዝይዎቹ የት ሊሄዱ ነው?»

ዶክተሩ ከት ብለው ሳቁ። ቀልድ መስሏቸው ነበር። ሜዳው ከትልቁ ስታዲየም ጀርባ ያለ ተዳፋት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ታችኛው ጎል ውኃ ይተኛበታል፤ በመጸው የዱር ዝይ መንጋ ያድርበትና ጠዋት ላይ ምን ትቶ እንደሚሄድ ሣሩን የረገጠ ያውቀዋል። ማርሊስ ከመጀመሪያዎቹ ተጫዋቾቿ ጋር አካፋ ይዛ ሥራ ጀመረች።

ትልቁ ስታዲየም የጎርዲ ሃውገን ነበር። ጎርዲ የወንዶቹን ቡድን ያሠለጥናል፤ ያንን በእጅ እየተጫወቱ እግር ኳስ የሚሉትን ማለት ነው። ሆዱ ቀደም፣ ልቡ ደግ፣ ጭንቅላቱ ባዶ የሆነ ሰው ነው። ረዳቶቹ ከማርሊስ ቋሚ ተሰላፊዎች ብዙም አያንሱም። አንዱ ለሚወረውሩት፣ አንዱ ለሚቀልቡት፣ አንዱ ለሚገፉት፤ የቀሩት ምን እንደሚሠሩ ጎርዲም ራሱ ሳያውቅ አልቀረም። ይህ ሁሉ ሠራዊት ተሰልፎ በየሳምንቱ ይሸነፋል።

የአገሩ ሰው ደግሞ ፊት ለፊት ክፉ መናገር አይወድም። የጠላውን ነገር ሁሉ «ለየት ያለ ነው» ብሎ ያልፈዋል። አንድ እሑድ የጎርዲ ልጆች ሃምሳ ነጥብ ተቆጥሮባቸው በተመለሱ ማግስት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት የድንች ፍርፋሪ የተነሰነሰበት የሥጋ ድስት ሲታደል፣ አንድ ሽማግሌ ጎርዲን ትከሻውን መታ አደረጉና «የትናንቱ ጨዋታ ለየት ያለ ነበር» አሉት።

ማርሊስ ከወዲያ ማዶ ሳህኗን እንደያዘች፣ «ምኑ ነው የተለየው? ባለፈው ሳምንትም ያው ነበር» አለች።

ጎርዲ ብቻ ሳቀ፤ ደግ ነው ብያለሁ።

ልምምድ ላይ ደግሞ አፏ የባሰ ነበር። «ኳሷ አማትሽ ናት እንዴ እንዲህ የምትሸሻት?» ትላለች። «የአባቴ ላሞች እንኳ ሲጠሯቸው ዞር ይላሉ!» ትላለች። በረኛዋን «እዚያ የቆምሽው ፎቶ ልትነሺ ነው?» ብላ ጠይቃ መልስ ጠብቃለች። ጥሩ የሠራች ልጅ የምታገኘው ትልቁ ሽልማት ዝምታ ነው። ገሚሶቹ እያለቀሱ ሄዱ። እሷም ለሄዱት አንገቷን አላዞረችም፤ የሚያለቅስ ሰው ኳስ አይታየውም ብላ ታምን ነበር። የቀሩት ግን ጠነከሩ፣ ማሸነፍም ጀመሩ። ኮሌጁ ይህን ልብ ለማለት ብዙ ዓመት ፈጀበት።

ከቀሩት መካከል ሶንያ ብሬኪ የምትባል የቄስ ልጅ ነበረች። ቁመቷ ከማርሊስ ብብት አያልፍም፤ መሐል ሜዳ ላይ ግን ኳሷ እሷን ሳታማክር የትም አትሄድም። አምበል ሆነች። ማርሊስ አንዷን ልጅ አዋርዳ በዞረች ቁጥር ሶንያ ጠጋ ትልና ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር ትላታለች፤ ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ እየሳቀች ትመለሳለች። የቡድኑ ልጆች «አስተርጓሚዋ» ይሏት ነበር። ማርሊስ አንድ ቀን ያዘቻት።

«ምንድን ነው የምታንሾካሹኪላት?»

«እርስዎ ያሉትን ነው ኮች።»

«ታዲያ ምን ያስቃታል?»

ሶንያ ኳሷን እየገፋች ወደ መሐል ሜዳ ተመለሰች። ማርሊስም አልገፋችበትም።

ሶንያ ልትመረቅ አንድ ዓመት በቀራት መጸው ቡድኑ የሊጉን ዋንጫ በላና በጎረቤት ግዛት በዊስኮንሲን በሚደረገው የአካባቢው ውድድር እንዲካፈል ተጠራ። በዚያው ቅዳሜ ጎርዲም አዮዋ ላይ ጨዋታ አለው። ከኮሌጁ ሁለት አውቶቡሶች አንደኛው ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ ተኝቷል። ሌላው ለማን እንደተሰጠ መናገር አያስፈልግም። ማርሊስ ጎርዲ ቢሮ ገባች።

«ጎርዲ፣ ዘንድሮ ስንት አሸነፍክ?»

«እስካሁን እንኳ... እየተጠጋን ነው።»

«ወደ ምን?»

«ማርሊስ፣ አውቶቡሱን እኔ አይደለሁም የመደብኩት። ሴቶቹ የየራሳቸውን መኪና ይዘው ይሂዱ ተብሏል። ልጆቼ ግዙፎች ናቸው፣ በትንሽ መኪና አይመቻቸውም።»

«ሲሸነፉ ያንሳሉ፣ አይዞህ» ብላው ወጣች።

ቅዳሜ ማለዳ የጎርዲ ልጆች ቦርሳቸውን ተሸክመው ሲመጡ አውቶቡሱ ሞልቷል። ሴቶቹ ገና ጎህ ሲቀድ ገብተው ቀበቷቸውን አስረው ቁጭ ብለዋል፤ ሶንያ ከፊት፣ ማርሊስ በሩ ላይ። ጎርዲ አንዴ አውቶቡሱን አንዴ ልጆቹን አየና ኮፍያውን አወለቀ። ፕሬዚዳንቱ ተጠርተው ከሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው ደረሱ።

«ማርሊስ፣ ልጆቹን አውርጂ።»

«ዶክተር፣ ጠበቃዎን ይጥሩና እሳቸው ያውርዷቸው። ሕጉን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።»

ዶክተሩ የጠበቃው ስም ሲነሳ ፊታቸው ተለወጠ። አውቶቡሱ ወደ ዊስኮንሲን ሄደ። የጎርዲ ልጆች በየወላጆቻቸው መኪና ተጨናንቀው ሲጓዙ ገሚሱ መንገድ ስቶ ዘገየ፤ ባልተጫወቱት ጨዋታ አንድ ለዜሮ ተሸነፉ ተብሎ ተመዘገበ። በዚያ ዓመት ከደረሰባቸው ሽንፈት ሁሉ ትንሹ እሱ ነበር።

ማርሊስ ዊስኮንሲን ላይ የመጀመሪያውን አሸንፋ በሁለተኛው ወደቀች። ወሬው ግን ሩቅ ሄደ፤ ከወደ ደቡብ አንድ ግዙፍ ዩኒቨርሲቲ በሕልሟ አይታው የማታውቀውን ደሞዝ ይዞ መጣ። እሺ አለች። ለልጆቹ የነገረቻቸው ልምምድ ሲያልቅ ነው፦ «እኔ ከሰኞ ጀምሮ የለሁም። ኳሶቹን ሰብስቡ።» ሶንያ ማልቀስ ጀመረች። ማርሊስ «ምን ሆነሻል?» አለቻት፤ የምሯን ነው፣ አልገባትም ነበር።

በደቡብ ያገኘችው ሜዳ ምንጣፍ ነው። አንድ ዝይ አይታይበትም። ውኃ ብቻ የሚያቀብል ሰው አለ፤ ልጆቹ ስንት ሰዓት እንደተኙ የሚመዘግብ ሌላ ሰው አለ፤ ጡንቻ የሚያሽ፣ ፎቶ የሚያነሳ፣ የመንፈስ ብርታት የሚሰጥ አለ። ማርሊስ በመጀመሪያው ቀን ይህን ሁሉ ዞራ አየችና «ቡድን ነው ወይስ ሆስፒታል?» አለች። ማንም አልሳቀላትም። ልጆቹን ስትሰድባቸው አያለቅሱም፤ አባቶቻቸው ጋ ይደውላሉ። አባቶቹም በአውሮፕላን ይመጣሉ።

ከአባቶቹ ትልቁ ክሌይቦርን ቲድዌል ነበር፤ የቤት ማቀዝቀዣ ሻጭ፣ የቡድኑን መልበሻ ቤት ያሠራ ሰው። ልጁ አሽሊን በቀኝ ክንፍ ትጫወታለች። አንድ ቀን በጓሮው በሬ ጠብሶ ባለሥልጣኑን ሁሉ ጋበዘና በሰው ፊት ጠየቃት።

«እስቲ ንገሪን ኮች፣ ልጄን እንዴት አየሻት?»

«ስትሮጥ ሾርባ የተሸከመች ትመስላለች።»

«ይቅርታ፣ ምን አልሽ?»

«እንዳይፈስባት ትጠነቀቃለች ነው የምልህ።»

የቲድዌል ሚስት ሹካዋን አስቀመጠች። ማርሊስ ሥጋዋን መቁረጥ ቀጠለች። ይህን ታሪክ ቫንግዳል ውስጥ የሚያወሩት ሰዎች ያባረራት ሾርባው ነው ይላሉ። ውሸት ነው። ያባረራት መሸነፏ ነው። ቢያሸንፉላት ኖሮ ልጆቹን ሁሉ በየተራ ሾርባ ብትላቸው አጨብጭበው ያሳልፏት ነበር። ግን ያ ሁሉ አሺና መዝጋቢ እያለ ቡድኑ ተሸነፈ፤ እሷም ለምን እንደሆነ ማወቅ አቃታት። የተናቀ ሁሉ ተናድዶ የሚበረታ ይመስላት ነበር። እነዚህ ግን ንቀቷን ሰምተው ናቋት። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ወጣች።

ወንድሟ ኦሪን እርባታው ላይ ክፍል ሰጣት። ጎህ ሲቀድ እየተነሳች ላም ማለብ ጀመረች። ኦሪን በሕይወቱ ብዙ የተናገረ ሰው አይደለም፤ ክረምቱ ሲጋመስ ግን አላስቻለውም።

«ማርሊስ፣ ላሞቹን አትሳደቢብኝ። ወተታቸውን ይይዛሉ።»

በዚያ በረት ውስጥ ነው ሶንያ ብሬኪ የመጣችባት። ሶንያ ከተመረቀች በኋላ በምክትልነት ቀርታ ነበር፤ ማርሊስን የተካው ሰውዬ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ ዋና አሰልጣኝ አደረጓት። በንጹሕ ጫማዋ እበቱን እየዘለለች ገባችና ላሟ አጠገብ ቆመች።

«ምክትል እፈልጋለሁ፣ ኮች።»

«የማን ምክትል?»

«የእኔ።»

ማርሊስ ማለቧን አላቋረጠችም። «የሚከፍሉኝ አይመስለኝም። ስሜን ሲሰሙ ይታመማሉ።»

«አሳምናቸዋለሁ። ግን አንድ ነገር አለ። ጨዋታ ላይ አፍዎን ይዘጋሉ። ልምምድ ላይ የሚሉትን ለእኔ ይንገሩኝ፤ እኔ ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ።»

«ያው የድሮ ሥራሽ ነው።»

«አዎ። ያኔ ግን ፈርቼዎት ነበር የምሠራው።»

ማርሊስ ይህን ስትሰማ እጇ ቆመ። ላሟም ዞር ብላ አየቻት። ከዚያ «ሰኞ እመጣለሁ» አለች።

የሶንያ አሠራር ለእሷ መከራ ነበር። ልጆቹ ከልምምድ በፊት ክብ ሠርተው ቁጭ ብለው እንዴት እንደዋሉ ይነጋገራሉ። የልደት ኬክ ይቆረሳል። አንዷ ስትስት ሌሎቹ «አይዞሽ!» ይሏታል፤ ማርሊስ ይህን ቃል በሰማች ቁጥር ጥርሷን የታመመች ያህል ፊቷን ታጨማድዳለች። አጨዋወቱም እንደዚያው ነው። ኳሷን ወደ ኋላ፣ ደግሞ ወደ ኋላ።

«የገዙትን ዕቃ ሱቅ የሚመልሱ ነው የሚመስሉት» ብላ በሶንያ ጆሮ ታንሾካሹካለች።

ሶንያ ለልጆቹ ጮክ ብላ፣ «ኮች ማርሊስ ትዕግሥታችሁን አይተውታል!» ትላለች።

«እኔ እንደዚያ አልኩ?»

«ዕቃው መመለሱን አይተዋል አይደል?»

እንዲህ እየተናጩ አራት መጸው አለፈ። ማርሊስ ጨዋታ ላይ አንገት ልብሷን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላ ትቆማለች፤ ከሥሩ ምን እንደምትል የሚያውቀው ሱፉ ብቻ ነው። በአምስተኛው ዓመት ለሊጉ ፍጻሜ ደረሱ፤ ጨዋታው በገዛ ተዳፋታቸው ላይ ነበር። ከዕረፍት በኋላ የተጋጣሚው አጥቂ የሶንያን አንዲት ትንሽ ተከላካይ በክርን መትታ ጣለቻት። ዳኛው አላየም። አንገት ልብሱ ወረደ።

«ዳኛ! ዛሬ ጠዋት ማን ነው ልብስህን ያለበሰህ? በራስህ ዓይን አይተህ የለበስከው አይመስለኝም!»

ቀይ ካርድ ወጣባት። ሶንያ አንዴ ብቻ ዞራ አየቻትና ፊቷን ወደ ሜዳው መለሰች። ማርሊስ በሕይወቷ እንደዚያ አፍራ አታውቅም። ከአጥሩ ውጭ ወጣች። እዚያ ጎርዲ ሃውገን ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጡረታ ወጥቷል፤ ትልቁ ስታዲየም አሁን በስሙ ይጠራል፤ ያን ያህል ተሸንፎ ስታዲየም የተሰጠው ሰው በዓለም ላይ ይኖር እንደሆነ እንጃ።

«ቁጭ በይ» አላት ከወንበሩ ተነሥቶ።

«እቆማለሁ።»

ቆማ አየች። እሷ በሌለችበት ልጆቹ ይደነግጣሉ ብላ ነበር፤ አልደነገጡም። የተመታችው ልጅ ተነሣች፣ ጓደኞቿ አቧራዋን አራገፉላት። ኳሷን ወደ ኋላ መለሱ። ወደ ጎን ሰጡ። ደግመው ወደ ኋላ መለሱ፤ ማርሊስ አጥሩን ይዛ «ወደ ፊት፣ እናንተ ላሞች፣ ወደ ፊት!» ብላ አጉረመረመች። ተጋጣሚዎቹ ኳሷን ሲያባርሩ ደክመው፣ መስመራቸው ሲበተን፣ ያቺው ትንሽ ተከላካይ በተከፈተው መንገድ ሰተት ብላ ሄዳ የማሸነፊያውን ጎል አገባች። ማርሊስ በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ጎል አላስተማረችም። ቢነግሯትም ስቃ ትተዋቸው ነበር። ልጆቹ እየጮሁ ሶንያ ላይ ተከመሩ፤ ወደ አጥሩ የተመለከተ ሰው አልነበረም።

«ጥሩ ነች፣ ያቺ ሶንያ» አለ ጎርዲ።

«ቀርፋፋ ነው ጨዋታዋ» አለች ማርሊስ። ቆይታ ደግሞ፣ «ግን የራሷ ነው» አለች።

ማታ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት እራት ነበር። አዲሱ ፕሬዚዳንት ተነሥተው አመሰገኑ፤ የሣር ማጨጃውን ያዋሰውን ሰው አመሰገኑ፣ ወጥ ቤት ያሉትን እናቶች አመሰገኑ፣ ጎርዲ ሃውገንን ስለ አርአያነቱ ሁለቴ አመሰገኑ። የማርሊስ ስም አልተጠራም። ሶንያ ፊቷ ቀልቶ ልትናገር ብድግ ስትል ማርሊስ እጅጌዋን ይዛ ሳበቻት።

«ቁጭ በይ አንቺ፣ ምግቡ ይቀዘቅዝብሻል።»

ሶንያ ተቀመጠች። ማርሊስ ከድስቱ ጨመረችላትና ራሷም ጥግብ እስክትል በላች።