አባቴን ፀሐይ አልገደለውም

ይህ ነገር የደረሰብን የዛሬ ሁለት ዓመት፣ በኅዳር ወር ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ የምኖር የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ተማሪዎቼን «ያልገባችሁን ጠይቁ» እያልኩ ስጨቀጭቅ እውላለሁ። እኔ ግን በገዛ ቤታችን መጠየቅ የነበረበትን አንድ ጥያቄ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቅ ኖሬያለሁ። ነገሩ ከአእምሮዬ ያልወጣው ለዚህ ነው።

በአባቴ በኩል ሁላችንም ረጃጅሞች ነን። ክንዳችንም ጣታችንም ረጅም ነው። የሰፈሩ ሰው «የግመል ዘሮች» ይለናል፤ ግመል በሞላበት አገር ይህ ስድብ አይደለምና እኛም እንስቃለን። ልጅ ሲወለድ ዘመድ መጀመሪያ የሚያየው ጣቱን ነው። ረጅም ከሆነ «የአባቱ ቤት ነው» ተብሎ ደስታው እጥፍ ይሆናል።

ወንዶቻችን ግን አያረጁም። አባቴ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ማሳው ላይ ወድቆ ሞተ። ከእሱ በፊት ታናሽ ወንድሙ ገለጉ ከተማ ውስጥ ጆንያ ሲጭን እንዲሁ በድንገት ሞቶ ነበር። የሁለቱም ምክንያት አንድ ተባለ፤ ፀሐይ መታቸው። የቆላ ፀሐይ ቀልድ ስለማያውቅ ማንም አልተከራከረም።

ከዚያ በኋላ እናቴ ሕግ አወጣች። ታናሽ ወንድሜ ጌትነት ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ እንዳይቆም። ማሳው ላይ ዳስ አሠራችለት። ጓደኞቹ «የጥላ ገበሬ» እያሉ ይስቁበት ነበር፤ እሱ ግን እናቴን ስለሚወዳት ሕጓን አንድም ቀን አልጣሰም። ከባድ ከባዱን ሥራ ሁሉ ጠዋት ይጨርሳል። ከደጋ ለሥራ የሚወርዱት ሳሉጎች ለሁለት የሚያነሱትን ኩንታል እሱ ብቻውን መኪና ላይ ይሰቅለዋል። ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። እኛም ቆመን እያየን እንኮራበት ነበር።

የዚያን ቀን ቅዳሜ ስለነበር እኔም ቤት ነበርኩ። ግቢያችን ውስጥ የተከማቸውን ሰሊጥ ሊወስድ አይሱዙ ማልዶ መጣ። አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ጌትነት ሦስተኛውን ጆንያ ከፍ እንዳደረገ ለቀቀው። ከዚያ ቀስ ብሎ በጉልበቱ ተንበረከከ።

«ጀርባዬ ተቀደደ» አለ።

«ምን ይቀደዳል፣ ጅማትህ ዞሮ ነው» አለው ሹፌሩ።

ላቡ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። በሁለቱ ትከሻዎቹ መካከል ተነስቶ ወደ ወገቡ የሚወርድ ሕመም እንደሆነ በጣቱ ያሳየናል። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር የነበረችው ሚስቱ ዘውዴ ራሱን ደግፋ ይዛ ታለቅሳለች። እናቴ ነጠላዋን ከላዩ ዘርግታ «ወደ ጥላ አስገቡት፣ ፀሐይ ሳይጨርሰው» ትላለች። ፀሐይዋ ገና ከአጥሩ በላይ አልወጣችም ነበር። ይህን በዓይኔ እያየሁ እኔም እግሩን ይዤ ወደ ጥላ ጎተትኩት።

ቀጥሎ ያደረግነውን ስጽፈው እንኳ ያመኛል። ወጌሻ አስጠራን። አባ ይርጋ ስንቱን ስብራት የጠገኑ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ጌትነትን በሆዱ አስተኝተው በሰሊጥ ዘይት ጀርባውን ማሸት ጀመሩ። ወንድሜ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን ጮኸ። እኔ እንዳይንቀሳቀስ እግሩን ተጭኜ ይዣለሁ።

አባ ይርጋ ጥቂት እንዳሹ እጃቸውን አነሱ። ዘይቱን በጨርቅ ጠረጉና «አጥንቱም ጅማቱም ልክ ነው። ይኸ የኔ አይደለም፤ ፈጥናችሁ ሐኪም ቤት ውሰዱት» አሉ። አልችልም ለማለት ያልኮሩ ሰው ናቸው፤ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ዘውዴን ቤት ትተን እኔና እናቴ በባጃጅ ይዘነው ሄድን። እኛ አገር ትኩሳትም ሆነ ቁርጥማት፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው። ደሙ ተመረመረ፤ ወባ የለም። አንዲት ቀጭን ወጣት ነርስ የደም ግፊቱን በግራ ክንዱ ለካች። ፊቷን አጨማደደችና በቀኙ ለካች። እንደገና ወደ ግራው ተመለሰች። ወንድሜ እያቃሰተ እሷ ክንድ ታቀያይራለች።

ትዕግሥቴ አለቀ። «አንቺ ልጅ፣ ማሽኑ ከተበላሸ ሌላ አምጪ እንጂ ምን ትጫወቺበታለሽ?» አልኳት፣ ተማሪዬን እንደምቆጣ።

 «እህቴ፣ እጅሽን ስጪኝ» አለችና እኔን በሁለቱም ክንዴ ለካችኝ። ቁጥሩ ተቀራራቢ ነበር። «ማሽኑ ደህና ነው። የሱ ሁለት እጅ ግን በጣም ተለያይቷል። እንዲህ መሆን የለበትም» አለች። ድምፅዋ ሲንቀጠቀጥ ያን ጊዜ ሰማሁት። እሷም ፈርታ ነበር።

ከዚያ የጌትነትን ጣቶች ይዛ አየቻቸው፤ ቀጥላ የእኔን አየች። «አባታችሁ አሉ?» ብላ ጠየቀች።

«የለም። ልጆች ሆነን ነው ፀሐይ መትቶት የሞተ» አልኩ።

«ስንት ሰዓት ላይ ነው የሞቱት?»

 ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም ማንንም ጠይቄ አላውቅም። ወደ እናቴ ዞርኩ። እናቴ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማለች።

«ጠዋት ነው» አለች በቀስታ። «ጤዛው አልደረቀም። ቁርሱን ይዤለት ስሄድ ነው ወድቆ ያገኘሁት።»

 እናቴ ራሷ የተናገረችውን የሰማችው ያን ጊዜ ይመስለኛል፤ ተንሸራታ መሬት ላይ ተቀመጠች። ጤዛ ባልደረቀበት ሰዓት የምን ፀሐይ ነው?  ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ልጇን ከቀትር ፀሐይ ሸሽጋ፣ ካደገ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ኩንታል ስታሸክመው ኖራለች። እኔም አብሬ።

ነርሷ ጊዜ አላጠፋችም። ሐኪሙን ጠርታ አማከረች፣ አምቡላንስ አስጠራች፣ ራሷም አብራን ተሳፈረች። እስከ ጎንደር ድረስ በየመሀሉ ግፊቱን ትለካለች። «ቀና እንዳይል። ወደ ጎን መዞር ቢፈልግ እናዙረው፣ እሱ አይንቀሳቀስ» እያለች ትቆጣለች። አሁን ቁጣ ተቀባይዋ እኔ ነበርኩ። ለወትሮው ቶሎ የሚያልቅ የሚመስለኝ መንገድ አላልቅ አለኝ። ጌትነት አንዴ ዓይኑን ገልጦ «ዘውዴን አደራ» አለኝ። «አርፈህ ተኛ፣ አደራህን አልቀበልም» አልኩት።

ጎንደር በሲቲ ስካን ታየ። የጎንደሩ ሐኪም ሥዕል እየሳለ አስረዳኝ። ከልብ ተነስቶ ደም ወደ መላው አካል የሚያደርሰው ትልቁ የደም ሥር ግድግዳው ድርብርብ ነው። የውስጠኛው ንጣፍ ተቀዶ ደሙ በንጣፎቹ መካከል እየገባ ነበር። ጌትነት «ተቀደደ» ያለው ያንኑ ነበር። በዘር የሚተላለፍ፣ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚያሳሳ ችግር እንደሆነና እንዲህ ቁመትና ጣት የሚያረዝም ዓይነት እንዳለው ነገረኝ። ኩንታል ሲነሳ ግፊቱ ይንራል፤ ሳስቶ የቆየው ያኔ ይቀደዳል።

«ከልብ አጠገብ ያለው ክፍል ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልደረሰ ነበር» አለኝ። የጌትነት የተቀደደው ከጀርባ በኩል ወደ ታች የሚወርደው ክፍል ስለነበር ግፊቱን በመድኃኒት አውርደው ያዙት። ነርሷ ይህን እስክትሰማ ድረስ ቆማ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ዞር ስል ግን አምቡላንሱ ይዟት ተመልሷል።

ሁሉም ያበቃ መስሎኝ ተነሳሁ። ሐኪሙ ግን «አንድ ጊዜ ቆይ። አውራ ጣትሽን ወደ መዳፍሽ አጥፈሽ በሌሎቹ ጨብጪው» አለኝ። ጨበጥኩ። አውራ ጣቴ በትንሿ ጣቴ በኩል አልፎ ወጣ። ከልጅነቴ ጀምሮ ጓደኞቼን የማስቅበት ነገር ነበር። ሐኪሙ አልሳቀም። «ይኸም የዚሁ ምልክት ሊሆን ይችላል» ብሎ ለእኔም የልብ አልትራሳውንድ አዘዘልኝ።

የእኔም ትልቁ የደም ሥር ሰፍቶ ተገኘ። ሁለት ሰው ታሞ ነው እንዴ እዚህ የመጣነው ብዬ አሰብኩ። ወንድሜን ላሳክም የያዝኩትን ካርድ በአንድ እጄ፣ የራሴን በሌላው እጄ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ብዙ ቆምኩ።

ጌትነት ዛሬ በሕይወት አለ። መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳል፤ ከእንግዲህ ከባድ ነገር አያነሳም። ጆንያ ሲጫን ቆሞ ይቆጥራል፤ መጀመሪያ ላይ በሐፍረት ዓይኑን ከሰው ያሸሽ ነበር፣ አሁን ለምዶታል። እኔም መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ በየጊዜው ጎንደር እየሄድኩ እለካለሁ። ነርሷንም ሄጄ አገኘኋት። ይቅርታ ስላት «እኔም ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር» ብላ አሳቀችኝ።

ድንጋጤው ግን አልለቀቀኝም። በሽታውስ እሺ፣ ማንም አያውቀውም ነበር። የሚያስደነግጠኝ መልሱ ሁልጊዜ እናቴ ዘንድ መኖሩ ነው። አንድ ሰው «ስንት ሰዓት ላይ?» ቢል ይበቃ ነበር። አጎቴ በስንት ሰዓት እንደሞተ እስከ ዛሬ የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ዘውዴ በዚያው ዓመት በየካቲት ወንድ ልጅ ወለደች። ዘመድ ተሰብስቦ ሕፃኑን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ የተለመደውን ማለት ጀመረ፤ «ጣቱን እዩት እስኪ፣ ቁርጥ አያቱን!» በፊት ቀድማ ይህን የምትለው እናቴ ነበረች። ያን ቀን ግን ልጁን ተቀብላ ትንንሽ እጆቹን በጨርቁ ውስጥ ሸፈነቻቸው። ከዚያ እንግዳው ሁሉ እየሰማ ወደ እኔ ዞራ «ጎንደር መቼ ነው የምንወስደው?» አለችኝ።