የግንደ ቆርቁር ድርሻ

በደብራችን ግቢ እርጥብ ዛፍ መቁረጥ ያስወግዛል፤ የደረቀ ግን ለቤተ ክርስቲያኑ ሥራ ይፈቀዳል። በዚህ ሥርዓት ስንኮራ ኖረናል። ከአርብ ገበያ እስከ እኛ ድረስ ያለው ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ ጥድና ወይራ የቀረው በግቢያችን ነው። ግንደ ቆርቁር የሚባለው ወፍም የቀረው እዚያው ነበር።

አባቴ የደብሩ ቄስ ነበሩ። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን ይዤ ከአንድ ደረቅ ጥድ ሥር አስቀምጣቸዋለሁ። ግንደ ቆርቁሩ እላይ ሆኖ ግንዱን ሲቀጠቅጥ፣ «እየፈለገ ነው» ይሉኛል። ኳኳታው ሲቆም ደግሞ፣ «አገኘ! ምላሱን ሰዶ ትሏን እየጎተተ ነው» ይላሉ። ሌላ ደስታ አልነበራቸውም።

ክረምት ላይ መጻሕፍቱ የሚቀመጡበት የዕቃ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰ። ሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ጥዱ ይቆረጥ አለ። የተቃወሙት አባቴ ብቻ ናቸው።

«ወፉ እርጥቡ ላይ ምን ይበላል? ትሉ ያለው ደረቁ ውስጥ ነው። የሱ ድርሻ ነው፤ ተዉለት።»

ሰው ሳቀ። የጉባኤው ጸሐፊ እኔ ነኝ። «አባባ፣ ለአንድ ወፍ ሲባል መጻሕፍቱ ይበስብሱ?» አልኳቸውና ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ። የተራቀቅሁ መስሎኝ ነበር፤ እኔ ደንቆሮው!

ጥዱ በመጋዝ ተሰንጥቆ የጣሪያ ወራጅ ሆነ። ነቀዝ እንዳይበላውም የተቃጠለ የመኪና ዘይት አጠጣነው። ወፉ ሁለት ቀን ጉቶውን ሲዞር ዋለ። ወደ ባሕር ዛፎቹም ሄዶ ባዶውን ተመለሰ።

በሦስተኛው ቀን አባቴን ከዕቃ ቤቱ ጥግ አስቀምጬ ሳለሁ ከጣሪያው ጠርዝ ኳኳታ ተሰማ። ፊታቸው በራ።

«መጣ! ሰማህ?»

ቀና ብዬ አየሁት። ዘይት የጠጣውን ወራጅ ይቀጠቅጣል፣ ፈቀቅ ይላል፣ እንደገና ይቀጠቅጣል። አንዲት ትል የለችበትም። በመጨረሻ ተነሥቶ በረረ።

«ዝም አለ» አሉ አባቴ ጣታቸውን አንሥተው። «አገኘ።»

«አዎ አባባ፣ አገኘ» አልኩ። ምን ልበል?

ሌላ ጥድ አርጅቶ እስኪደርቅ አባቴ አይደርሱም፤ የኔንም እንጃ። ይኸው ወር ሊሞላን ነው፤ ጠዋት ጠዋት እዚያው ጥግ እንቀመጣለን። ኳኳታ የለም። አባቴም አሁን አሁን «አገኘ» ማለታቸውን ትተዋል።