እማዬ የመሰከረችልኝ ፈውስ

ዛሬ ከጳውሎስ ሆስፒታል ስንመለስ እናቴ ታክሲ ውስጥ ድንገት፣ «ያኔ ቸርች ውስጥ ልጄ ተፈወሰች ብዬ ስመሰክር ያምሽ ነበር?» አለችኝ።

በየወሩ አጣጥፎ የሚጥለኝ ሕመም ኢንዶሜትሪዮሲስ መሆኑን ዶክተሯ ነግራን መውጣታችን ነበር።

የማሕፀን ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ይበቅላል። ሥጋው የሚያመነጫቸው ኢንዛይሞች ዙሪያውን እየበሉ መንገድ ይከፍቱለታል። ኢንዛይሞቹን በደም ምርመራ አይቶ በሽታውን ቶሎ ማወቅ ይቻል እንደሆነ ገና እየተጠና ነው አለችን ዶክተሯ።

(እስከዚያው የእኛ ሰፈር ምርመራ «ስትወልጂ ይተውሻል» ነው።)

ከዚያ ምስክርነት ወዲህ እማዬን ላለማሳፈር ትራስ ነክሼ ነው የማለቅሰው።

«ትንሽ» አልኳት።

እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ሰፈራችን ቀጨኔ እስክንደርስ አልለቀቀችውም።

እናንተስ፣ ለማን ብላችሁ ነው ሕመማችሁን የደበቃችሁት?