ለምርቃት የጠበበች ሳጥን

በኔትወርክ ጥገና ሥራዬ እንደ «አልነካሁትም» የሚያናድደኝ ቃል የለም። ዲላ ውስጥ የትኛውም ቢሮ ብሄድ ገመዱ ተነቅሎ አገኘዋለሁ፤ የነካው ሰው ግን የለም። ጂን ነቅሎት መሆን አለበት።

ከዲላ ወደ ገደብ ወረዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የዱመርሶ እትዬ ግን ሌላ ናቸው። የአንድ ገበሬዎች ማኅበር ቡና ማጠቢያ መጋዘን ኃላፊ ናቸው። ግድግዳው ላይ የተከልኩት ትንሽ ሳጥን የመጋዘኑን እርጥበት ትለካለች፤ ከልክ ሲያልፍ ስልካቸው ላይ መልእክት ትልካለች። አንድ እሑድ በበልግ ዝናብ ጣሪያው አፈሰሰ። ጆንያ ረጠበ፤ ሳጥኗ ጭጭ። በማግስቱ ስደርስ የማኅበሩ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው «ቁልፉን ያስረክቡ» እያሏቸው ነበር።

«ሳጥኗን ማን ነካት?» አልኩ።

«እኔ ነካሁ ልጄ» አሉ፣ ቁልፉን እንደ ጨበጡ። «ስልኩ ለሳጥኗ ስም ጻፊ ይላል። ስም ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ ዝም አለች።»

ስልካቸውን ተቀብዬ አየሁ። ሌላው «መጋዘን አንድ» በሚልበት ቦታ እሳቸው «ጌታ የዱመርሶን ቡና ከዝናብ፣ ከሻጋታና ከሌባ ይጠብቅ» ብለዋል።

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ግን ደነገጥኩ። የእኛ ፊደል በማሽን ሜሞሪ ውስጥ የላቲኑን ሦስት እጥፍ ቦታ ይወስዳል። የሳጥኗ ፕሮግራም ደግሞ የመጣውን ስም ልኩን ሳያይ ዝም ብሎ ይቀበላል። ለማኅበሩ ሰዎች በቡና ማስጫ አልጋ አስረዳኋቸው፤ አልጋው ከሞላ በኋላ ብትጨምሩበት ቡናው ጎረቤቱ አልጋ ላይ ፈስሶ ይቀላቀላል። የምርቃቱ ትርፍም የፈሰሰው የእርጥበቱ ልክ የተጻፈበት ቦታ ላይ ነው፤ ልኩ ስለጠፋባት ሳጥኗ መቼ መልእክት እንደምትልክ አላወቀችም። በዚሁ የፕሮግራሙ ቀዳዳ ክፉ ሰው ከሩቅ ገብቶ ሳጥኗን እንዳሻው ሊያዛት ይችል ነበር። ጥፋቱ የፕሮግራሙ እንጂ የእሳቸው አይደለም አልኳቸው። የረጠበው ቡና ወጥቶ ተሰጣ፤ ቁልፉም እጃቸው ላይ ቀረ።

እትዬን የጨነቃቸው ሌላ ነበር። «ምርቃቱን ላሳጥረው እንዴ?»

«የለም እትዬ፤ ቦታው ይስፋ እንጂ ምርቃት አይቆረጥም።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እሳቸውም «አልነካሁትም» ቢሉ ኖሮ ሳጥኗን አጥፍቼ አብርቼ ወደ ዲላ እመለስ ነበር፤ ሌሎቹንም ሳጥኖች ከነቀዳዳቸው በየመጋዘኑ እተክላቸው ነበር። እንጀራቸውን ሊያጡ እየቻሉ እውነቱን ነገሩኝ። እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

የሳጥኗ ሠሪዎች ጽፌላቸው ፕሮግራሙን አስተካከሉ፤ ቦታውንም አሰፉ። እኔ ግን አሁንም አዲስ ሳጥን ይዤ ወደ ገደብ ስሄድ ዱመርሶ ላይ እቆማለሁ። «እትዬ፣ ይመርቁልኝ» ብዬ ስልኩን እሰጣቸዋለሁ። ምርቃታቸውን መቻሏን ሳላይ የትም አልተክላትም።