ለአንድ ብርጭቆ ዘር ወደ ቀጨኔ

ሽሮ ሜዳ፣ ሲነጋጋ

ስልኩ የቀሰቀሰኝ ገና ሳይነጋ ነው። አክስቴ እትዬ አስካለ ናቸው። የመድኃኔዓለም ጽዋ ዛሬ ተራው የእሳቸው ነው፤ ማኅበርተኛው ቄሱን ይዞ ከቤታቸው ይገባል።

«ያስቀመጥክብኝ ቲማቲም ሻግቶ ቤቱን አገማው። በዚህ ሽታ ሰው አላስገባም፣ ልደፋው ነው» አሉኝ።

እንቅልፌ ብን ብሎ ጠፋ። እሳቸው ቤት መስኮት ላይ በብርጭቆ ያስቀመጥኩት ባለቤታቸው ጋሽ ተሰማ ከመሞታቸው በፊት ለዓመታት ዘሩን እያስቀሩ ያቆዩት ቲማቲም ነው። ዘንድሮ እትዬ ከመጀመሪያዎቹ ፍሬዎች ያወጡትን ዘር እንደ ዱባ ዘር በአመድ አሽተው ምድጃው አጠገብ ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ ሙቀቱ አሳረረው። የቀረውን ተክል ዝናቡ አበሰበሰው። አንዲት ፍሬ ብቻ ተርፋ፣ እሷን እኔ ጨምቄ ከነዝልግልጓ ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጥኳት። ዝልግልጉ ከዘሩ የሚለቀው እንዲህ ሲብላላ ነው።

ሽታው ደግ ምልክት ነው፣ እስክደርስ ይታገሱኝ ብዬ ለመንኳቸው። ለቄሱም እንዲያ ብለህ ታስረዳለህ ብለው ዘጉት።

ስድስት ኪሎ

ሚኒባሱ ሞልቶም ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» ይላል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ለገበያ ያሰሩትን ጋቢ ጭናቸው ላይ ቆልለው ፊታቸው አይታይም። ሾፌሩን ትንሽ ፈጠን በል አልኩት። የታመመ ሰው አለ እንዴ ብሎ በመስታወቱ አየኝ። ቲማቲም ነው ስለው ጭራሽ ፍጥነቱን ቀነሰ። ወረድኩና ቀሪውን በእግሬ ተያያዝኩት።

ቀጨኔ

ዳገቱን ወጥቼ ስደርስ ትንፋሼ አልቋል። ግቢው በነጠላ ሞልቷል፤ ጠላው እየተቀዳ ነው። ብርጭቆውን ያስቀመጥኩበት መስኮት ላይ ምንም የለም። ወደ እትዬ ዞርኩ።

«ደፉት?»

እትዬ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ከቆርቆሮው አጥር ስር፣ የድስት ክዳን ተከድኖበትና ድንጋይ ተጭኖበት፣ ብርጭቆው ተደብቋል።

«ልደፋው ወጥቼ ነበር» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የተሰማ ነው ብዬ እጄ እምቢ አለኝ።»

ክዳኑን ስከፍተው ሽታው ግቢውን ሞላው። ውሃ ጨምሬ አማሰልኩት። ሻጋታውና ባዶው ዘር ሲንሳፈፍ ቀስ ብዬ ደፋሁት፤ ፍሬ ያለው ታች ዘቀጠ። ደጋግሜ ሳጥበው ንጹሕ ዘር ሆኖ ወጣ። ወረቀት ላይ ቢደርቅ ስለሚጣበቅ ሳህን ላይ በተንኩት። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ቄሱ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ብቅ አሉ።

«አስካለ፣ ይሄ ሽታ የማነው?»

ጠዋቱን ሙሉ ሲደብቁት የነበሩት አክስቴ ሳህኑን ከእጄ ወስደው ከፍ አደረጉት።

«የኔ ነው አባቴ። የተሰማ ቲማቲም ነው። ሲበቅል ለሁላችሁም ችግኝ እሰጣለሁ።»

ሳህኑ በማኅበርተኛው መሀል ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አፍንጫውን የያዘ ሰው አላየሁም።